ደሞዜ ካልተከፈለኝ ክለቤን ጥዬ ግብፅ መሄድ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 22 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በአማካይ ቦታ እጫወታለሁ። የሁለት ዓመት ውል አለኝ፣ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። የሦስት ወር ደሞዝ አልተከፈለኝም። ከውሉ ውጭ በቃል ቃል የተገባልኝ ገንዘብም አለ። አንድ ማናጀር “የግብፅ ክለብ አግኝቼልሃለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በቱሪስት ቪዛ ትበራለህ፣ ከዲያራ ፍርድ በኋላ ማንም አያግድህም” ይለኛል። ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ። ለቪዛና ለቲኬት ብሎ ገንዘብ ጠይቆኛል። ክለቤ መልቀቂያ አልሰጥም ብሏል። ምን ላድርግ?
ደ. ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ወንድሜ ደ.፣ በዕድሜ ታላቅህ ስለምሆን አንተ እያልኩ ልመልስልህ። ልትሄድ ትችላለህ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን አይሆንም። ዛሬ የተበደልከው አንተ ነህ። ያለ አንዲት ደብዳቤ አውሮፕላን ላይ ከወጣህ ግን ውል አፍራሹ አንተ ትሆናለህ፤ ክለቡም ከባለዕዳነት ወደ ካሳ ጠያቂነት ይዞራል።

የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጨመረበት አንድ አንቀጽ አለ። ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠው፣ ክለቡም በዚያ ጊዜ ውስጥ ዕዳውን አጠናቆ ካልከፈለ፣ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አለው ይላል። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 32፣ አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልተወጣ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ምክንያቱንና ቀኑን ግን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። አዋጁ ተፈጻሚ ከማይሆንባቸው የሥራ ግንኙነቶች መካከል እግር ኳስ ተጫዋችነት አልተጠቀሰም። በአዋጁ ብቻ ተማምነህ ወዲያው ልትወጣ አትሞክር፤ አንተ የምትሄደው ወደ ውጭ ክለብ ስለሆነ የፊፋውን 15 ቀን ጠብቅ።

ደብዳቤው ረጅም አይሁን። የውሉን ቀን፣ ያልተከፈሉትን ወራት በስም፣ ጠቅላላ ገንዘቡንና 15 ቀኑ የሚያልቅበትን ቀን ጻፍ። ስድብም ምስጋናም አያስፈልገውም። በክለቡ መዝገብ ቤት ገቢ አድርገህ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርግበት። “አንቀበልም” ካሉህ ከዋናው ፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላክና ደረሰኙን አስቀምጥ። የደሞዝ ሒሳብህን መግለጫ ከባንክህ በማኅተም አውጣ። ከሁሉ በላይ በእነዚህ 15 ቀናት ከልምምድ እንዳትቀር! ጠፍተህ ከሄድክ ክለቡ የሚፈልገውን ማስረጃ በገዛ እጅህ ሰጠኸው ማለት ነው።

ያልተከፈለህን ደሞዝ በተመለከተ፣ አንተም ክለብህም ኢትዮጵያውያን ስለሆናችሁ ክርክሩ በቀጥታ ፊፋ ዘንድ አይታይም። መንገዱ የፌዴሬሽኑ ኮሚቴዎች ናቸው፤ ካልሆነም የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። ብዙ ተጫዋቾች ገንዘባቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ፊፋ ዘንድ ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ በአዋጃችን ግን የደሞዝ ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ከዚያ በኋላ መክሰስ አትችልም ማለት ነው። እያንዳንዱ ወርም ለብቻው ይቆጠራል። “ዋንጫው ይለቅና እንከፍልሃለን” ሲሉህ ወራቱ እየነጎዱ ነው። ፌዴሬሽኑ ዘንድ መክሰስህ ይርጋውን ያቋርጣል አያቋርጥም የሚለው ራሱ ሊያከራክር ስለሚችል፣ ክለቡ ዕዳውን የሚያምንበት ደብዳቤ እንዲጽፍልህ ጠይቅ፤ በጽሑፍ የታመነ ዕዳ ይርጋውን ያቋርጣል።

በቃል ስለተገባልህ ገንዘብ ብዙ ተስፋ አልሰጥህም። ክለቦች በ2011 የወር ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ከተስማሙ ወዲህ እንዲህ ያለ አቤቱታ አዲስ አይሆንብኝም። የባንክ ማስተላለፊያ ወይም የስልክ መልእክት ካለህ አምጣው፤ ከሌለህ ግን ክስህን በተጻፈው ውል ላይ አቁመው።

ማናጀሩ የጠቀሰልህ፣ ፈረንሳዊው ተጫዋች ላሳና ዲያራ ከክለቡ ጋር በውል መፍረስ የተካሰሰበት ጉዳይ እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2024 የፊፋን ደንብ አንዳንድ ክፍሎች ከኅብረቱ ሕግ ጋር ይቃረናሉ ብሏል፤ ፊፋም በ2025 መጀመሪያ ደንቡን አሻሽሏል። የተነካው በዋናነት የካሳው አሰላል፣ የአዲሱ ክለብ ተጠያቂነትና የዓለም አቀፍ ዝውውር ሰርተፍኬቱ (በሌላ አገር ክለብ ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ወረቀት) አሰጣጥ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ውል ያፈረሰ ተጫዋች ካሳ ይከፍላል የሚለው መርህ ግን አልተነሣም። 28 ዓመት ሳይሞላው የፈረመ ተጫዋች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውስጥ ውሉን ካፈረሰ ደግሞ የአራት ወር የጨዋታ እገዳ ሊጣልበት ይችላል። አንተ ያለኸው እዚያ ውስጥ ነው።

ወደ ግብፅ መሄዱን አልጠላም። ሽመልስ በቀለ ለፔትሮጄት፣ ሳላዲን ሰይድ ለዋዲ ደግላና ለአል አህሊ ተጫውተዋል። ግን ተጫዋች በወግ ሲሄድ ክለብ ከክለብ ይነጋገራል፤ ኢትዮጵያ ቡና አቡበከር ናስርን ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ያሳለፈው እንደዚያ ነው። ስለዚህ የግብፁ ክለብ በራሱ አርማና ማኅተም የጻፈውን ጥያቄ ማየት አለብህ። ውሉ ላይ “የጤና ምርመራ ካለፈ” ወይም “የሥራ ፈቃድ ካገኘ” የሚል ቅድመ ሁኔታ ካለ አትፈርም፤ ፊፋ የውልን መጽናት በእነዚህ ላይ ማንጠልጠልን ይከለክላል። ዕድሜህ ገና 22 ስለሆነ ላሳደጉህ ክለቦች የማሠልጠኛ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ያንን የሚከፍለው አዲሱ ክለብ ነው፤ ከደሞዝህ ይቆረጣል የሚል ካለ አትስማው።

ውክልናውን ዛሬ ነገ ሳትል ሻረው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወካይ ውክልናውን በፈለገው ጊዜ መሻር ይችላል። ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ሄደህ መሻሪያውን አስመዝግብና ቅጂውን ለማናጀሩ በፊርማ አድርስ፤ የግብፁ ክለብ ስም እውነት ከሆነ ለእነሱም ጻፍላቸው። ሙሉ ውክልና የያዘ ሰው በስምህ ፈርሞ ገንዘብ ሊቀበል ይችላል። ሰውየው የፊፋ ፈቃድ ያለው ወኪል መሆኑን በፊፋ ድረ ገጽ ላይ በስሙ ፈልግ። ካለው ከሁለት ዓመት ያልበለጠ የውክልና አገልግሎት ውል በጽሑፍ ተዋዋሉ። ከሌለው ለቪዛና ለቲኬት የጠየቀህን ገንዘብ አትስጠው፤ የምር የሚፈልግህ ክለብ ቲኬትህን ራሱ ይቆርጣል።