ብሮኮሊው ውስጥ ትል ነበር፤ በልተነዋል! ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባለፈው ሳምንት ከሱፐርማርኬት ከውጭ አገር የመጣ ብሮኮሊ ገዛሁ። በፕላስቲክ የታሸገ፣ ላዩን ሲያዩት ምንም የማይወጣለት ነበር። ቀቅዬ ግማሹን ከበላን በኋላ ሳህኔ ላይ አንዲት አረንጓዴ ትል አየሁ። የተረፈውን ፈልቅቄ ሳየው ደግሞ አገዳው ላይ ግራጫ ብናኝ የሚመስል ነገር ተለጥፏል። ለካ እነሱም ነፍሳት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር የሚሄድ ይመስለኛል። የአራት ዓመት ልጄም አብራኝ በልታለች። እንቁላላቸው ሆዳችን ውስጥ ይፈለፈል ይሆን? ከመጡበት አገር በሽታ ይዘው ቢሆንስ? የትል መድኃኒት እንውሰድ?

መልስ፦ አይዞዎት እህቴ። አይፈለፈልም፤ የትል መድኃኒትም አያስፈልጋችሁም።

ብሮኮሊ ላይ የምትገኘው አረንጓዴ ትል የቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት ልጅ ናት። የምትኖረው ቅጠል በልታ ነው። የሰው ጨጓራ ለእሷ መኖሪያ ሊሆን አይችልም፤ አሲድ አለ፣ አየር የለም፣ የምትበላው ቅጠልም የለም። በዚያ ላይ እናንተ ጋ የደረሰችው ተቀቅላ ነው። በቃ እንደ ማንኛውም ምግብ ተፈጭታ አልቃለች። ወስፋትና ኮሶ ግን ሌላ ዘር ናቸው። የወስፋት እንቁላል በእርግጥ በዓይነ ምድር በተበከለ አፈር አማካይነት ጥሬ አትክልት ላይ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን በዓይን አይታይም፣ ከዚያች አረንጓዴ ትል ጋርም ዝምድና የለውም።

ግራጫዎቹ ክሽክሽ ናቸው። የተክል ጭማቂ እየመጠጡ የሚኖሩ፣ ሰው የማይነክሱ ነፍሳት ናቸው። ከተክል ወደ ተክል ቫይረስ ያስተላልፋሉ፤ ያ ቫይረስ ግን የተክል በሽታ እንጂ የሰው አይደለም። ሆድዎ ውስጥ የሚሄድ የመሰለዎትም ያዩት ነገር ስለቀፈፈዎት ነው። መቀፈፉ ትክክለኛ ስሜት ነው፤ እኔንም ይቀፈኛል። ግን በሽታ አይደለም።

«ይህን ያህል ታሽጎ፣ ይህን ያህል መንገድ መጥቶ እንዴት?» ይሉ ይሆናል። አትክልቱ ከእርሻ እስከ ሱፐርማርኬት የሚጓዘው በቅዝቃዜ ነው። ቅዝቃዜ ደግሞ ብዙዎቹን ነፍሳት ያደነዝዛቸዋል እንጂ ወዲያው አይገድላቸውም። ስለዚህ ከፍሪጅ አውጥተው ወጥ ቤት ያስቀመጡት ሰላጣ ላይ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚሄድ ነገር ቢያዩ አይደነቁ። ብሮኮሊና አበባ ጎመን ደግሞ ከሁሉም የባሱ መደበቂያ ናቸው፤ እምቡጦቹ እርስ በርስ ስለተጣበቁ ውኃ ከላይ ቢወርድባቸው ውስጥ ድረስ አይገባም። ድንበር ላይ የሚደረገው ፍተሻም በናሙና ነው፤ እያንዳንዱን ብሮኮሊ ፈልቅቆ የሚያይ ሰው የለም።

ተቆጣጣሪዎችም ይህን ያውቃሉ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መሥሪያ ቤት የቀዘቀዘ ብሮኮሊ ላይ ያስቀመጠው ገደብ በ100 ግራም በአማካይ 60 ክሽክሽና መሰል ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ለስፒናች 50 ነው። አዎ፣ በትክክል አንብበዋል። ከዚያ በታች የሆነው ለጤና አደጋ ስለሌለው ያልፋል። ይህን ለሕመምተኞቼ ስነግራቸው ፊታቸው ይለዋወጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው። በ2011 ጀርመን ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አንድ አደገኛ ዝርያ ከ3,000 በላይ ሰዎችን አሞ ከ50 በላይ ገደለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኩላሊት ክፉኛ ተጎዳ። መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው ከስፔን በመጣ ኪያር ላይ ነበር፤ በኋላ ግን የወረርሽኙ ምንጭ ኪያሩ አለመሆኑ ታወቀ። ምርመራው ያመለከተው በጥሬው የሚበላ የአብሽ ቡቃያ ላይ ነው፤ ዘሩም ከግብፅ የገባ ነበር። ያንን ቡቃያ የበሉት ሰዎች ምንም የሚያጠራጥር ነገር አላዩበትም። ስለዚህ ትል ካለበት የተቀቀለ ብሮኮሊና ሳይታጠብ በጥሬው ከቀረበ ንጹሕ መሳይ ሰላጣ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ትሏን አንስቼ ብሮኮሊውን እበላለሁ።

ሦስት ነገር ግን አቅልላችሁ አትዩ። ጥሬ ቅጠል ላይ ቀንድ አውጣ ወይም የሚያዝለገልግ ዱካውን ካያችሁ ቅጠሉን ጣሉት። በሞቃታማ አገሮች፣ በተለይ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በፓሲፊክ ደሴቶች፣ ቀንድ አውጣ የአይጥ ሳንባ ትል የሚባል ጥገኛ ሊሸከም ይችላል። በጥሬው ከተበላ የአንጎል ሽፋን ያስቆጣል። ሲበስል ይሞታል። ሁለተኛው ሸረሪት ነው። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም፣ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን ለመለየት አይሞክሩ፤ በባዶ እጅ ሳይነኩ ፌስታሉን አስረው ለሱፐርማርኬቱ ያሳውቁ። ሦስተኛው አለርጂ ነው። ሽሪምፕ ሲበላ የሚያብጥ ወይም የሚያሳክከው ሰው ነፍሳትም ሊያስቆጡት ይችላሉ፤ የፕሮቲን ዝምድና አላቸው። ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

አሁን ወደ አስተጣጠቡ። ብሮኮሊውን መጀመሪያ በትንንሹ ይቁረጡት። ሳይቆረጥ ማጠብ ልፋት ብቻ ነው። ከዚያ ጨው የተጨመረበት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይዘፍዝፉት። ትሎቹ ይለቁና ይንሳፈፋሉ ወይም ሥር ይዘቅጣሉ፤ ውኃውን ሲያዩት ልፋትዎ አይቆጭዎትም። በመጨረሻ በሚፈስ ውኃ ያለቅልቁት። ሰላጣ ከሆነ የላይኞቹን ቅጠሎች ጥለው የቀሩትን አንድ በአንድ እያገላበጡ በሚፈስ ውኃ ያሹ፤ ክሽክሽ የሚወደው የቅጠሉን ጀርባ ነው። ጨውም ሆነ አቸቶ ነፍሳቱን ያስለቅቃሉ እንጂ ጀርሙን ሁሉ አይገድሉም። ያን የሚያደርገው እሳት ነው። ሳሙናና በረኪና አትክልት ላይ አይጠቀሙ፤ ወደ ውስጥ ሰርገው ይገባሉ። አጥበው ፍሪጅ ውስጥ ማቆየትም አልመክርም፣ እርጥበቱ ቶሎ ያበላሸዋል። ሊበሉት ሲሉ ይጠቡት።

ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አዛውንቶችና የመከላከያ አቅማቸው የደከመ ሰዎች ጥሬ ቡቃያ ባይበሉ ይሻላል። ይህን የምለው በትል ምክንያት አይደለም።

ልጅዎን በተመለከተ፦ ሳምንት ካለፈና ደህና ከሆነች ምርመራ አያስፈልጋትም። ወደፊት በማንኛውም ምግብ ምክንያት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የሽንት መቀነስ ካዩ ግን ቶሎ ይዘዋት ይሂዱ። ደም ላለው ተቅማጥ አንቲባዮቲክም ሆነ ተቅማጥ ማስቆሚያ ከፋርማሲ ገዝተው በራስዎ አይስጧት፤ በአንዳንድ ኢ. ኮላይ ላይ ኩላሊቷን ሊጎዳ ይችላል።

ለሱፐርማርኬቱም ይንገሩ። ነውር የለውም። የነፍሳቱን ፎቶና የማሸጊያውን ባች ቁጥር ይዘው ከሄዱ ጥሩ ሱፐርማርኬት ገንዘብዎን ይመልሳል ወይም ይተካልዎታል። ነፍሳቱን ግን አዝነው ግቢ አይልቀቁ። ከሌላ አገር የመጡ ተባዮች እዚያው ሊራቡና ሰብል ሊያጠፉ ይችላሉ። በፕላስቲክ አሽገው አንድ ሁለት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩዋቸውና ከዚያ ይጣሉ።