መልስ፦ የትምህርት ካላንደሩን ማን ነው የሚወስነው?

እህቴ፣ ካላንደሩን ማን እንደሚያወጣና መምህሩ ለምን ቅዳሜ እንደሚገባ ጠይቀሻል። የሚያወጣው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ በራሱ አይቀይረውም። እዚህ ጎንደር የመምህሩ ጫና የሚብሰው ጥር ላይ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፣ የ1ኛው መንፈቀ ዓመት ማጠቃለያ ፈተናም እዚያው አካባቢ ስለሚውል መምህሩ ከበዓሉ ወጥቶ በቀጥታ መፈተን፣ ማረም፣ ማርክ መሙላትና ሮስተር (የተማሪዎቹን ውጤት ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) መሥራት ውስጥ ይገባል። የባከነው ክፍለ ጊዜ ደግሞ በቅዳሜ ማካካሻ ይመጣል። ማካካሻውን አልቃወምም፣ ልጆቹ መማር አለባቸው። ግን እርማቱና ዕቅዱ ማታ ቤት ስለሚሠራ እንደ ሥራ የሚቆጥረው የለም፤ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቅሬታችሁን ክረምት ላይ፣ ካላንደሩ ሳይጸድቅ፣ በመምህራን ማኅበር በኩል በጽሑፍ አስገቡ። መስከረም ከጠባ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው።