በጫጫታ መካከል ለማይሰማ ልጅ፦ እኔን የደረሰኝ

«ልጄ ቤት ውስጥ ሁሉን ይሰማል፣ ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ የተናገሩት አይገባውም፤ የጆሮ ምርመራው ጤነኛ ነው አለ» ላልሽው እህቴ፣ የልጄን ታሪክ የጻፍሽ ነው የመሰለኝ።

1. «ጤነኛ» በሚለው ወረቀት አትዘናጊ። ያ ምርመራ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ሲሰማ እጅ የሚያስነሣ ነው። ንግግርን ከጫጫታ ለይቶ መስማት ሌላ ችሎታ ነው፣ ምርመራውም ሌላ ነው፦ ልጁ ዓረፍተ ነገር እየሰማ ይደግማል፣ ከጀርባ የሰው ጫጫታ ይጨመርበታል፣ ግማሹን ብቻ በትክክል የሚደግምበት የጫጫታ ደረጃ ይፈለጋል። «በጫጫታ ውስጥ ንግግር» ብለሽ በስሙ ጠይቂ።

2. ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ ይሁን። የእኔን ልጅ በእንግሊዝኛ ቃላት ፈተኗት! የወደቀው ጆሮዋ ይሁን ቋንቋዋ በምን ይታወቃል? ስጠይቅ ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ «ካልፈለጉ ወረፋውን ይልቀቁ» አለኝ። ከጅማ አዲስ አበባ ድረስ ልጅ አዝዬ የሄድኩ ሰው ነኝ። ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ሌላ ቦታ ሄጄ በአማርኛ አስመረመርኳት።

3. ልጅሽን አትቆጪ። እኔ ግን ዓመት ሙሉ «እልኸኛ» እያልኩ ቀጣኋት፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የነቃሁት አንድ የሰኔ ማታ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጎን ለጎን ተቀምጦም አይደማመጡም። ጉንፋን ይዞኝ አፌን በነጠላ ሸፍኜ «ጨው አቀብዪኝ» ስላት ጨርቅ ይዛ መጣች። ነጠላውን ዝቅ አድርጌ ስደግመው ወዲያው ጨውን አመጣች። ለካ ልጄ ስትሰማኝ የኖረችው ከንፈሬን እያየች ነው! መምህሯ ደግሞ ወደ ሰሌዳው ዞረው እየጻፉ ነው የሚያስረዱት።

በጫጫታ ውስጥ የመስማት ችሎታ እስከ ጉርምስና ድረስ እየዳበረ ይሄዳል፤ ስለዚህ እኛ ሰማን ማለት እነሱ ሰሙ ማለት አይደለም። ልጄን የመረመረቻት ባለሙያ የመምህሩ ድምፅ ከጫጫታው ወደ 15 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) መብለጥ አለበት አለችኝ። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት፣ ባጃጅ በመስኮት ሥር በሚያልፍበት ክፍል ከየት ይመጣል? ርእሰ መምህሩን ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ለምኜ ልጄን ከመስኮቱ አርቄ ፊት ወንበር አስቀመጥኳት፤ መምህሯም ፊታቸውን ወደ ልጆቹ አድርገው ማስረዳት ጀመሩ። ዘንድሮ ከክፍሏ አራተኛ ወጣች።

አንቺም ዛሬ ሬዲዮ ከፍተሽ፣ አፍሽን በወረቀት ሸፍነሽ አሥር ቃል አስደግሚው። ይህ ምርመራን አይተካም፤ የተሳሳተባቸውን ቃላት ግን ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳዪ።