ሁለት ተንታኝ ሁለት ወሬ፣ ማንን ልስማ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ጨርቅና ጫማ ነው የምሸጠው። ዶላር በገበያ ይመራ የተባለ ጊዜ ቲቪ ላይ አንዱ ተንታኝ ዋጋ ብዙ አይጨምርም ሲል ሌላው ኑሮ ሰማይ ሊነካ ነው አለ፣ እኔም ደንግጬ እቃ አልሸጥም ብዬ ያዝኩና ደንበኛ አጣሁ። አሁን ደሞ ግሽበት ቀነሰ ይላሉ፣ ከፊራ ገበያ ስወርድ ግን የቀነሰ ነገር የለም። ማንን ልመን?

መልስ፦ እህቴ ሁለቱም አልዋሹሽም፣ የሚያዩት እቃ ነው የተለያየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው የባንክ ዶላር 57 ብር ምናምን ነበር፣ ሳምንታት ሳይቆይ 100 አለፈ። ጥቁር ገበያው ግን ከዛ በፊትም ከ100 በላይ ነበር እኮ! አንቺ ሱቅ የሚመጣው አብዛኛው እቃ ድሮም የሚሰላው በጥቁር ገበያው ዶላር ስለሆነ ጭማሪው ዋጋው ውስጥ ቀድሞ ገብቷል፣ ተንታኞች "ገበያው አስቀድሞ ቆጥሮታል" የሚሉት ይሄን ነው። በባንክ ዶላር ይገባ የነበረው ነዳጅና መድኃኒት ደሞ የባንኩ ዶላር ሲወደድ አብሮ ስለሚወደድ ሌላ ሂሳብ ነው፣ ሁለተኛው ሰውዬ እሱን እያየ ነው የፈራው።

የግሽበቱ ነገር እኔንም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም አብራርቶ የሚናገር የለም። ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፣ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ነው። 100 ብር የነበረ እቃ በ20 ፐርሰንት ጨምሮ 120 ገባ እንበል፣ በዓመቱ ግሽበት ወደ 15 ወረደ ቢሉሽ እቃው 138 ሆኗል። ስለዚህ ከፊራ ያየሽው ትክክል ነው፣ ዜናውም ትክክል ነው።

ከዚህ በኋላ ተንታኝ ስትሰሚ ስለየትኛው እቃ ነው፣ ከመቼ ጋር እያወዳደረ ነው በይ፣ ደሞ የት እንደሚሰራ እይ፣ የባንክ ሰውና የአስመጪ ሰው አንድ ዜና ሰምተው አንድ አይናገሩም። ኤክስፖርተር የሚደሰትበት የዶላር መወደድ አንቺን ይጎዳል፣ አወዳይ ጫት ለውጭ የሚልከውን ጠይቂው። የሀገሪቱ እቃ አብዛኛው በጅቡቲ ስለሚገባ የመኪናና የባቡሩን ማጓጓዣ ዋጋ መከታተል አንቺ ጋ ከማንም ይቀላል፣ ሾፌሮቹ ሰፈርሽ ናቸው። እቃ አልሸጥም ብለሽ ከመያዝሽ በፊት ግን ለአከፋፋይሽ ደውይና ይሄንኑ እቃ ዛሬ ብተካው ስንት ይገባልኛል በይው፣ የሚተካበት ዋጋ አንቺ ከገዛሽበት ካልራቀ ሽጪው።