ከግቢ ዶሮ የተረፈ እንቁላል ለጎረቤት፦ ጥያቄና መልስ

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በመሀል አዲስ አበባ ጠባብ ግቢዎችም አምስት ስድስት ዶሮ ማየት የተለመደ ሆኗል። ቤተሰብ በልቶ የሚተርፈው እንቁላል ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ጥያቄውም ከዚያ ይመጣል። በዚህ ሳምንት ብዙዎቻችሁን የሚነኩትን መርጠናል።

«ስድስት ቦቫንስ ብራውን አሉኝ፤ በቀን አራት፣ አንዳንዴ አምስት እንቁላል ይጥላሉ። በስንት ልሽጥ? የሱቁን ዋጋ ብል ስግብግብ እባላለሁ፤ ብቀንስ ደግሞ የመኖው ወጪ አላስኬደኝም።» — ከአፍንጮ በር

ሂሳቡን ከሱቁ ዋጋ አይጀምሩ፤ ከመኖው ይጀምሩ። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ስድስቱ በቀን 690 ግራም ገደማ፣ በወር ወደ 21 ኪሎ ይጨርሳሉ ማለት ነው። በቀን በአማካይ 4.5 እንቁላል ካገኙ እያንዳንዱ እንቁላል 153 ግራም መኖ ወጥቶበታል። ለምሳሌ ኪሎ መኖ በ60 ብር ቢገባ የአንዱ እንቁላል መኖ ብቻ 9 ብር ከ20 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ ቄቧን የገዙበትን ዋጋ ለ250 አካፍለው ይጨምሩ፤ የአንድ ዓመት እንቁላሏን በጥንቃቄ ስንገምት ነው። ለጕዝጓዝ፣ ለክትባትና ለሚሰበረው አሥር በመቶ ያክሉበት። የሚያገኙት ቁጥር ከዚያ በታች መሸጥ የሌለብዎት ዋጋ ነው። ከእሱና ከሱቁ ዋጋ መሀል ያለውን ቢጠይቁ ማንም ስግብግብ አይልዎትም፤ ቢባሉም ሂሳቡን ማሳየት ይችላሉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እንቁላሉ በቀን ወደ ሦስት ቢወርድ ያው 690 ግራም ለሦስት ይካፈልና ለአንዱ 230 ግራም ይደርሳል። ኪሳራው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዋጋው ሳይሆን ከዚህ ነው። ምክንያቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መኖ ለመቆጠብ ሲባል የሚሰጠው የተረፈ እንጀራና ፉርሽካ ነው። ጣይ ዶሮ ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን፣ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ያለው መኖ ትፈልጋለች፤ እንጀራ ሆዷን ይሞላል እንጂ ይህን አይሰጣትም። ከቀን ምግቧ ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ።

ዱቤን በተመለከተ ደብተር ይያዙ፣ በሳምንት አንድ ቀን ይሰብስቡ። ዋጋውን ቢያንስ ለአንድ ወር አይቀይሩ። በዓል ሲደርስ በቋሚ ደንበኛ ላይ መጨመሩን እኛ አንመክርም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገዛዎት እሱ ነው።

«እንቁላሉን ሳላጥብ ስሰጥ አንዳንድ ጎረቤቶች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ልጠበው?» — ከተክለ ሃይማኖት

አይጠቡት። ዶሮዋ እንቁላሉን ስትጥል በቅርፊቱ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይደርቃል፤ በሺዎች የሚቆጠሩትን ቀዳዳዎች የሚደፍነው እሱ ነው። ውሃ ሽፋኑን ያነሳዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ከሆነማ የባሰ ነው፤ የውስጡ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና በቅርፊቱ ላይ ያለውን ቆሻሻ ከነተህዋሲያኑ ወደ ውስጥ ይስባል። ታጥቦ ሲያብረቀርቅ ያዩት እንቁላል ካልታጠበው ቀድሞ የሚበላሸው ለዚህ ነው።

ንጽሕናው ከመጣያው ይጀምራል። ለአራት ዶሮ አንድ ሳጥን፣ 30 በ30 ሳንቲሜትር ስፋት፣ ከ35 ሳንቲሜትር ያላነሰ ከፍታ፣ ጨለም ያለ ቦታ፣ ውስጡ ደረቅ ጭድ። ቆጡ ከሳጥኑ ከፍ ይበል፤ ዶሮ ከፍ ብላ ማደር ስለምትወድ ሳጥኑ ከበለጠ እዚያው ታድራለች፣ ሌሊቱን ሙሉም ኩሷን እዚያው ትጥላለች። እንቁላሉን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት አራት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ይሰብስቡ። ጥቂት የደረቀ ቆሻሻ ካለበት በደረቅ ስፖንጅ ወይም በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ፈቅ ፈቅ ማድረግ ይበቃል። በጣም የተበከለውን አይሽጡ፤ ከእንቁላሉ በሚሞቅ ውሃ አጥበው የዚያኑ ቀን አብስለው ይብሉት።

ፊታቸውን ላጨማደዱት ጎረቤት ከማጠብ የሚበልጥ መልስ አለ፤ በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ ይጻፉ። በእስክሪብቶ ወይም በማርከር አይሁን፣ ቀለሙ በቀዳዳዎቹ ሊገባ ይችላል። ሱቅ ሊሰጥ የማይችለውን እርስዎ የሚሰጡት ይህን ቀን ነው።

የወረቀት ትሪ ከደንበኛ መልሰው አይቀበሉ። በየሱቁና በየዶሮ እርባታው የዞረ ትሪ በሽታ ተሸክሞ ወደ ዶሮ ቤትዎ ይመጣል። የፕላስቲክ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ፣ በበረኪና ተነክሮ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

«ለፋሲካ ለእትዬ ጎረቤቴ የዚያኑ ሳምንት እንቁላል መርጬ ሰጠኋቸው። ሲልጡት ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተገነጠለ ለዶሮ ወጡ የሚሆን አልተገኘም ብለው ተቀየሙኝ። ምን አጠፋሁ?» — ከቀበና

ያጠፉት ነገር ቢኖር በጣም ትኩስ መስጠትዎ ነው። እንቁላል በተጣለበት ቀን ነጩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፤ ፒኤቹም (የአሲድነቱ መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) 7.6 አካባቢ ነው። በዚህ ጊዜ ሲቀቀል ነጩ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ቆዳ ጋር ይጣበቃል። ጋዙ በቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ ሲወጣ ፒኤቹ ከ9 በላይ ይደርሳል፤ ያኔ ቆዳው ነጩን ይለቃል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ የሚሆነው ከሰባት እስከ 14 ቀን የቆየ እንቁላል ነው። የዛሬውን ለእንቁላል ፍርፍር ይስጡ፤ ቀን የጻፉበት እንቁላል ካለዎት መለየቱ የደቂቃ ሥራ ነው።

ለእትዬም አቀቃቀሉን ይንገሯቸው። ውሃው መጀመሪያ ይፍላ፤ የክፍሉን ሙቀት የያዘው እንቁላል በማንኪያ ቀስ ብሎ ይግባበት። በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ ቀስ እያለ የሞቀ እንቁላል ይበልጥ ይጣበቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቆላ ላይ በአሥር ደቂቃ የሚደርሰው እዚህ 13 ወይም 14 ደቂቃ ይፈልጋል። ሲወጣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ልጣጩ ከሰፊው ጫፍ ይጀመር፤ አየሩ የተጠራቀመው እዚያ ስለሆነ ቆዳው በቀላሉ ይያዛል።

«ሁዳዴ ሲገባ ደንበኞቼ ሁሉ ይጠፋሉ፤ ዶሮዎቹ ግን መጣላቸውን አያቆሙም። መኖ ብቀንስባቸውስ?» — ከአራት ኪሎ

መኖ አይቀንሱ። የተራበች ዶሮ በጥቂት ቀናት መጣል ታቆማለች፤ መኖው ቢመለስላትም ወደ ቀድሞዋ እስክትመለስ ሳምንታት ይፈጃል። ያ ደግሞ ልክ ፋሲካ ላይ፣ ገበያው ሲደራ ባዶ እጅዎን ያስቀርዎታል።

ስድስት ጥሩ ዶሮዎች በ55ቱ ቀን ወደ 250 እንቁላል ይሰጣሉ። ይህን ያህል የሚወስድ ሰው ጾሙ ከገባ በኋላ መፈለግ ከባድ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት የማይጾሙ ቤቶችን ያነጋግሩ። ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ጎረቤቶች፣ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤቶች፣ አራስ ያለበት ቤት። በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት፤ ረመዳን ላይ ለአፍጥር ሳምቡሳ የሚጠብሱ፣ ለሱሑርም እንቁላል የሚፈልጉ ቤቶች ስላሉ ለእንቁላል ሻጭ እንዲህ ያለ ዓመት ትንሽ ይቀላል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት እንቁላል ግን ለማንም አይልቀቁ። በ14 ቀን 63 ገደማ ይሰበሰባል። በብዙ ቤት ለአንድ ዶሮ ወጥ 12 እንቁላል ስለሚገባ የአምስት ቤት ወጥ ይሸፍናል፤ የመጀመሪያው ሳምንት እንቁላል ደግሞ ለመላጥ የሚመቸው ዕድሜ ላይ ይሆናል። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ፀሐይ በማይገባበት ቀዝቃዛ ጥግ ያስቀምጡት፤ ከሽንኩርትና ከነጭ ጋዝ ይራቅ፣ ሽታ ይስባል። ፍሪጅ ካስገቡት እስኪሸጥ እዚያው ይቆይ። ወጥቶ ሲሞቅ ያልበዋል፣ እርጥቡ ቅርፊት ደግሞ ለተህዋሲያን በር ይከፍታል።

መጣል የቀነሰች አሮጊት ዶሮ ካለችዎት የመሸጫዋ ጊዜ የፋሲካ ዋዜማ ነው። ምትኳን በጊዜ ያስቡ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ የተገዛ የ45 ቀን ጫጩት በደንብ ከተቀለበ መጣል የሚጀምረው ሚያዝያ ገደማ ነው፣ ጾሙ ሲፈታ። ፍልሰታ 15 ቀን ብቻ ስለሆነ ይህን ሁሉ ጣጣ አይፈልግም።

«የሐበሻ እንቁላል ነው ብዬ ብሸጥ ዋጋው ይሻላል። ዶሮዎቼ ሳሶ የሚባሉት የውጭ ዝርያ ናቸው፤ ግን ግቢ ውስጥ ነው የሚውሉት። ነውር አለው?» — ከልደታ

አለው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም ገደማ ነው፤ የእርስዎ ከዚያ የጎላና ቡናማ ይሆናል፣ የለመደ ገዢ በእጁ መዝኖ ይለየዋል። «የግቢ እንቁላል» ይበሉት፤ እውነት ነው፣ ለብቻውም ይሸጣል። ሰው የሐበሻ የሚለውን የሚወደው ብዙ ጊዜ ለአስኳሉ ቢጫነት ነው፤ ያ ደግሞ ከዘር ሳይሆን ከመኖ ይመጣል። ለስድስት ዶሮ በየቀኑ ሁለት እፍኝ የተከተፈ ቆስጣ ወይም ጎመን ይስጡ፣ መኖው ውስጥ ያለው በቆሎም ነጭ ሳይሆን ቢጫ ይሁን። በአሥር ቀን ገደማ ልዩነቱን ያዩታል።

«አንዷ አስነጠሳት። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቼ በውሃ በጠበጥኩላቸው። እንቁላሉ ይሸጣል?» — ከጎላ

አይሸጥም፤ ያስነጠሳት የአንዷም ብቻ አይደለም፣ የሁሉም። ከአንድ ውሃ ጠጥተዋል። መድኃኒቱ ወደ እንቁላሉ ያልፋል፤ መቀቀልም ያጠፋዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ሕክምናው እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ በማሸጊያው ላይ ለእንቁላል የተጻፈው የቀን ብዛት እስኪሞላ ይቁሙ። ማሸጊያው ለእንቁላል ጣይ አይሰጥም የሚል ከሆነ ወይም ስለ እንቁላል ምንም ካልጻፈ የእንስሳት ሐኪም ሳይጠይቁ አንድም እንዳይሸጡ። ለደንበኞችዎ «መድኃኒት ስለሰጠኋቸው እስከዚህ ቀን የለኝም» ብለው በግልጽ ይንገሩ። የልጆቻቸው ምግብ ነው።

በዚያ ላይ ያስነጠሳት ፈንግል ከሆነ በሽታው ከቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ዶሮ ካላቸው ጎረቤቶች ጋር ተዋጥተው ቀኑን አንድ ያድርጉት፤ ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። በመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቧንቧችን ውሃ ክሎሪን ስላለው ክትባቱን ይገድለዋል። ውሃውን ክፍት አድርገው ያሳድሩት፣ ለአንድ ሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ይበጥብጡበት፣ ከዚያ ክትባቱን ይጨምሩ። ዶሮዎቹ ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ይከልከሉ፤ ሲሰጣቸው ቶሎ ይጨርሱታል።

አጫጭር ጥያቄዎች

«ያለ አውራ ዶሮ ይጥላሉ?» አዎ፣ እኩል ይጥላሉ። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ በምንኖርበት ሰፈር ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የሚጮህ አውራ ደንበኛ ያሳጣል።

«ገዢዬ አስኳሉ ላይ የደም ነጥብ አገኘሁ አሉኝ።» እንቁላሉ ሲሠራ የተቀደደ ትንሽ የደም ሥር ነው፤ በማንኪያ ጫፍ አውጥቶ አብስሎ መብላት ይቻላል። ቢሆንም ይቀይሩላቸው። ለወደፊቱ ማታ በጨለማ ክፍል የስልክዎን መብራት ከሰፊው ጫፍ ሥር አብርተው ይዩ፤ ስንጥቅም በዚያው ይታያል። ቡናማ ቅርፊት ላይ ግን ትንሹ ነጥብ ሊያመልጥዎት ይችላል።

«አንዳንዱ እንቁላል ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ዓሣ ግን ሰጥቼ አላውቅም።» መኖው ውስጥ የጎመን ዘር ፋጉሎ እንዳለ ይጠይቁ። አንዳንድ ቡናማ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎች በውስጡ ያለውን አንድ ንጥረ ነገር በደንብ ስለማያፈርሱት ሽታው ወደ አስኳሉ ይገባል። በኑግ ፋጉሎ ይተኩት። ሽታው እስኪጠፋ ድረስ እንቁላሉን ለየት አድርገው ያስቀምጡ፤ የትኛዋ እንደጣለችው ለማወቅ ዶሮዎቹን ተራ በተራ ለአንድ ጠዋት በየብቻቸው ማዋል ይበቃል።