ኢፒኪው ትጨምር ወይስ ይቅርባት?

ሰላም ለእርስዎ። ጥያቄዎን ሳነብ የራሴ እናት መሰሉኝ። ልጅዎ ዪር 12 ናት፤ ለኤ ሌቭል፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ለሚወሰደው የእንግሊዝ ፈተና፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ትማራለች፤ ሐሳቧ ሜዲስን ነው። ትምህርት ቤቷ «ኢፒኪው ጨምሪ» ብሏታል። እርስዎ ደግሞ «ይጠቅማታል ወይስ ጊዜዋን ይበላባታል?» ብለዋል። እኔ ሲክስዝ ፎርም (የመጨረሻዎቹን ሁለት የትምህርት ቤት ዓመታት) የተማርኩት እዚሁ ለንደን ነው። ኢፒኪውም ሠርቻለሁ። ያመጣሁት ቢ ነው። ስለዚህ የጎበዝ ተማሪ ምክር እንዳይመስልዎ።

ለማታውቁት ወላጆች ባጭሩ፦ ኢፒኪው (ኤክስቴንድድ ፕሮጀክት ኳሊፊኬሽን) ከኤ ሌቭል ጎን ለጎን ተማሪው ራሱ ጥያቄ መርጦ ራሱ የሚመረምርበት ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ መጨረሻው 5,000 ቃል ገደማ ጽሑፍ ነው። አንድ ነገር ሠርቶ ከአጠር ያለ ጽሑፍ ጋር ማቅረብም ይቻላል። ከዚያ ሰው ፊት ቆሞ ማስረዳትና ጥያቄ መመለስ አለ። የጽሑፍ ፈተና የለውም። የተያዘለት ሰዓት 120 ነው፤ አብዛኛውን ተማሪው ብቻውን ነው የሚሠራው።

በዩካስ (የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ በሚያልፍበት ድርጅት) ነጥብ የኤ ሌቭል ግማሽ ነው። ኤ ያመጣ 24 ነጥብ ያገኛል፤ ኤ ሌቭል ላይ ያው ኤ 48 ነው። ግን እንደ ልጅዎ ሜዲስን ለምትል ልጅ ነጥቡን ይርሱት። እነዚህ ኮርሶች ኦፈር (ይሄን ውጤት ካመጣሽ እንቀበልሻለን የሚለውን ቃል) የሚሰጡት በግሬድ ነው። እንደ ሳውዝሃምፕተን ያሉ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ኢፒኪው ላይ ኤ ላመጣ ተማሪ በብዙ ኮርሶች አንድ ግሬድ ዝቅ ያለ ኦፈር ይሰጣሉ። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ኦፈራቸው ውስጥ አያስገቡትም። ሜዲስን ላይ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ልጅዎ የምታመለክትባቸውን የአራቱንም ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ ከፍታ ታንብብ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ «ሰው እንዲህ አለኝ» ከሚል ወሬ ይሻላል።

እኔም እንዲህ ያለ ዝቅ ያለ ኦፈር ደርሶኝ ነበር። ኤ ካመጣሁ ነው የሚሠራው። ቢ አመጣሁና ቀረ። ደግነቱ ኤ ሌቭሎቼ አወጡኝ።

ለምን ቢ ሆነ? ጽሑፉ መጥፎ ስለነበር አይደለም። ሎግ የሚባል ነገር አለ፤ ሥራው እንዴት እንደሄደ፣ ምን እንዳነበቡ፣ የት እንደተሳሳቱ፣ ለምን ሐሳብ እንደቀየሩ በየጊዜው የሚጻፍበት። እኔ ነገሩን ናቅሁት። ማስረከቢያው ሲደርስ አንድ ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብዬ የስምንት ወሩን ሎግ ከጭንቅላቴ ጻፍኩት። እናቴ ቡና እያፈላች «ምን እየሠራሽ ነው?» ስትለኝ «ታሪክ እየፈጠርኩ» አልኳት። ሥራዬን የምትከታተለው መምህሬ፣ ሱፐርቫይዘሬ፣ ሰኞ ዕለት አየችውና «አንድም ቀን አልተሳሳትሽም እንዴ?» አለችኝ። እውነትም በሎጉ ላይ ሁሉ ነገር ቀጥ ብሎ ነበር የሄደው። የእኛ ፈተና ቦርድ ኤኪውኤ ነበር። እዚያ ከ50ው ማርክ ለዋናው ሥራ የሚሰጠው 20 ነው። የቀረው 30 ለዕቅዱ፣ ለምንጭ አጠቃቀሙና ሥራውን መለስ ብሎ ለመገምገሙ ነው። ይሄን የነገረን ሰው አልነበረም ብዬ ባማርር ደስ ባለኝ፤ መስከረም ላይ የተሰጠን ወረቀት ላይ ግን ተጽፎ ነበር።

እንዲህም ሆኖ አልቆጭበትም። ርዕሴ የጤፍ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ነበር። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ ሻረው። እኔ መጀመሪያ ይዤ የሄድኩት ጥያቄ «ምዕራባውያን የአፍሪካን ሀብት እየዘረፉ ነው ወይ?» የሚል ነበር። ሱፐርቫይዘሬ አንብባ ፈገግ አለች። «ይሄን ለመመለስ ስንት ዓመት አለሽ?» ቀጥላ ደግሞ «ለመሆኑ ፓተንቱን አንብበሽዋል?» አለችኝ። ተናድጄበት ነበር እንጂ አላነበብኩትም! ሳነበው ጤፍን ራሱን ሳይሆን ዱቄቱንና አዘገጃጀቱን የሚመለከት ሆኖ አገኘሁት። የሄጉ ውሳኔም የሚሠራው ሆላንድ ውስጥ ብቻ ነበር። ጥያቄዬ ጠበበ፦ ፍርድ ቤቱ ለምን ሻረው፣ ለኢትዮጵያስ ምን ለወጠላት? ከዚያ በኋላ ማንም ሳያስገድደኝ ሌሊት ድረስ አነብ ጀመር።

ፕሬዘንቴሽኑ ቀን ከቤት በጃም ጠርሙስ ጤፍ ይዤ ሄድኩ። አንድ ልጅ አሸዋ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሱን ልጅ አመሰግነዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ መፍራቴን ረሳሁት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያውን ረጅም ጽሑፍ ስንታዘዝ ግማሹ ክፍል ምንጭ አጠቃቀስ ላይ ሲደናበር እኔ የለመድኩት ነገር ነበር።

አሁን ወደ ልጅዎ። የእሷ ጉዳይ ከእኔ ይከብዳል፤ ችግሩ ካላንደሩ ነው። ሜዲስን የሚያመለክቱ ልጆች በክረምቱ ዩካት የሚባለውን የሜዲስን መግቢያ ፈተና ይፈተናሉ፤ ማመልከቻው ጥቅምት 15 በፈረንጅ ይዘጋል፤ ከዚያ ኢንተርቪው ይመጣል። ብዙ ትምህርት ቤት ደግሞ ኢፒኪውን የሚያስረክበው ልክ በዚያው በመጸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን የማስረከቢያውን ቀን ይጠይቁ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ረቂቁን መጨረስ የምትችል ከሆነ አንድ ነገር ነው። መስከረም ላይ የምትጀምረው ከሆነ እኔ ብሆን አልነካውም። በዚያ ላይ ሜዲስን ነው ካለች አረጋውያን መጦሪያ ቤት በበጎ ፈቃድ የምታሳልፋት ሰዓት አለች፤ ኢፒኪው ያንን ከበላባት ኪሳራ ነው።

ኬሚስትሪዋስ እንዴት ነው? ሲ ላይ እየተንገዳገደች ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ ይቅርባት። ኢፒኪው የወደቀ ኬሚስትሪ አያነሳም።

ውጤቷ ደህና ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይሞክሩ። ፎርም ከመፈረሟ በፊት ለሁለት ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሰዓት ስለምትፈልገው ነገር ታንብብ። ከዚያ እራት ላይ «እስቲ ምን አገኘሽ?» ይበሏት። በራሷ ቋንቋ ከተረከችልዎት፣ «ግን እኮ እማዬ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» ካለች፣ ትግባበት። «ለፐርሰናል ስቴትመንቴ ይጠቅመኛል» ብቻ ካለች ደግሞ ያው ፐርሰናል ስቴትመንቱ፣ ማለትም ማመልከቻው ላይ ስለ ራሷ የምትጽፈው፣ ሦስቱም ጥያቄ ተደምሮ 4,000 ፊደል ነው። ኢፒኪው እዚያ ላይ የሚይዘው ሁለት ሦስት መስመር ቢሆን ነው። ለሁለት መስመር 120 ሰዓት ውድ ነው።

እርስዎ ደግሞ እባክዎ አይጻፉላት፣ እሷም ለቻትጂፒቲ አትስጠው። ፕሬዘንቴሽኑ ላይ ጥያቄ ሲመጣ ማን እንደሠራው ይታወቃል። እርስዎ ቁጭ ብለው ስታወራ ይስሟት። እናቴ ስለ ፓተንት ሕግ ምንም ሳታውቅ ከሁሉም በላይ የጠቀመችኝ እንደዚያ ነው።

ከጀመረች በኋላ መተውም ይቻላል። ጓደኛዬ አብራኝ ጀምራ ሰኔ ላይ የዩካስ ፎርሙን ሳትሞላ ኢፒኪውን ተወችው። ማንም «ለምን ተውሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። አሁን ፋርማሲ እየተማረች ነው።