ቅጠሉ የት ነበር? የጉዞ መሪ መጽሐፍ ለምትጽፉ የጎንደር ልጆች

በቀደም ፒያሳ ላይ አንድ ወጣት አስጎብኚ አቁሞኝ «ጋሼ፣ የጭልጋን ቅሪተ አካልና የስሜንን እንስሳት በአንድ የኪስ መጽሐፍ ልጽፍ ነው፤ ቦታውን ምን ያህል አጥርቼ ልንገር?» አለኝ። በእኔ ጊዜ ይህን የሚጠይቅ ባለመኖሩ የጠፋ ነገር አለ። ለእሱ በአጭሩ መልሼ ሸኘሁት፤ ለእናንተ ዘርዘር ላድርገው።

የጠፋው በአንድ የስቴንስል ወረቀት ምክንያት ነው። ለተማሪዎች ጉዞ የተባዛ የ6 ገጽ መምሪያ ሲሆን ጽሑፉ የእኔ ነበር። ከአይከል ከተማ ተነሥቶ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ፣ ድልድዩን፣ ከድልድዩ በታች ያለውን የተናደ ገደል፣ ድንጋይ ውስጥ የቀረ የጥንት ቅጠል ያለበትን ንብርብር አንድ በአንድ ያሳያል። በቦታ ረገድ እንከን አይወጣለትም። እዚያ ሲደርሱ ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ ግን አንድ መስመር የለውም። «ሄዳችሁ ተመልከቱ» ይላል። ተማሪዎቹ መዶሻ ይዘው ሄደው ተመለከቱ።

የጭልጋ ቅጠል 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በእሳተ ገሞራ አመድና በደቃቅ ደለል መካከል ተጭኖ የኖረ ነው። ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፤ ሲገለጥ ቡናማ ወይም ጥቁር ስስ ሽፋን ላይ የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር ይታያል። ያ ሽፋን ሥዕል አይደለም፣ ከቅጠሉ ከራሱ የተረፈ ከሰል ነው። ከመሬት ሲወጣ ድንጋዩ እርጥበት አለው። ልጆቹ ፀሐይ ላይ አሰጡት። ላዩ ፈጥኖ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ተሰነጠቀ፤ ሽፋኑም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ሌሎቹ አፈሩ ይልቀቅ ብለው በውኃና በጥርስ ብሩሽ አጠቡት። እንዲህ ያለው ሸክላ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ከዚያም ጭቃ ይሆናል። ቅጠሉ ከጭቃው ጋር ሄደ። አንደኛው እንዲያብረቀርቅ ቨርኒሽ ቀባው፤ የእሱ አልፈረሰም፣ ግን ቨርኒሹ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ጅማቱን ሸፈነው።

የሁሉም የከፋው ማዳበሪያው ነው። ከላይኛው ንብርብር የወጣውም ከታችኛው የወጣውም በአንድ ማዳበሪያ ተጭኖ መጣ። የትኛው ቅጠል ከየትኛው ጋር በአንድ ጫካ እንደበቀለ፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ የሚናገረው ቅጠሉ የተኛበት ንብርብር ነው። የተረፈው ቁራጭ በካርቶን ተቀምጦ ካርቶኑ ላይ «ጭልጋ» ተብሎ ተጻፈ። ጭልጋ እኮ ወረዳ ነው! እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት የጭልጋን ጥንታውያን የዝሆን ዘመዶችና ግዙፉን ባለቀንድ እንስሳ አርሲኖይተሪየምን ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ያስቀመጣቸው የንብርብሩ ዕድሜ ስለተለካ ነው። ማዳበሪያ ዕድሜ የለውም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ የእንግሊዝን የዶርሴት የባሕር ዳርቻ መምሪያዎች ታወርዳላችሁ። ጥሩ መምህር ናቸው። ያ ዳርቻ ከጎረቤቱ ከምሥራቅ ዴቨን ጋር 155 ኪሎ ሜትር ነው፤ ድንጋዩ የ185 ሚሊዮን ዓመት ታሪክ ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሜሪ አኒንግ የተባለችው የላይም ሪጂስ ልጅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች የባሕር አውሬ አጽም ያወጣችው እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1833 ደግሞ እዚያው ገደል ተንዶ ውሻዋን ገደለባት። ለዚህ ነው ጥሩ መምሪያ ስለ ውበቱ ከማውራቱ በፊት ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት አጣርተህ ውጣ የሚለው። ባሕሩ መጉደል ሲጀምር ይሄዳሉ፣ ሳይሞላ ይመለሳሉ፤ የዘገየ ሰው በውኃና በገደል መካከል መውጫ አጥቶ ይቀራል። ገደሉን መዶሻ አያስነኩም። የእነሱ የብርድ ወራት ማዕበል አጥቦ ጠጠሩ ላይ የጣለውን፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለውን አሞናይትና የጥይት ቅርጽ ያለውን ቤለምናይት፣ ሁለቱም የጠፉ የባሕር እንስሳት ቅሪት ናቸው፣ ጎንበስ ብለው ይፈልጋሉ።

እኛ ዘንድ የባሕሩን ሥራ የሚሠራው ክረምት ነው። የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ ገደሉን ይቆርጣል፤ በመስከረም ሣርና ጭቃ ስለሚሸፍነው አይታይም፤ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ይገለጣል። መጽሐፋችሁ ይህን ይጻፍ እንጂ «ዓመቱን ሙሉ ይጎበኛል» አይበል። አይጎበኝም።

ከዶርሴት የማይገለበጥ አንድ ነገር አለ። እዚያ ቻርማውዝ ዳርቻ ላይ ልቅ ሆኖ የተገኘውን ማንሣት ይፈቀዳል፤ ሰው ባያነሣው ባሕሩ ይፈጨዋል ብለው ነው። የእኛም ወንዝ ይፈጫል፣ እውነት ነው። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም ማሳወቅ አለበት። ያንን የእንግሊዝ ገጽ እንዳለ ብትተረጉሙት አንባቢያችሁን ጣጣ ውስጥ ትከቱታላችሁ።

ስለዚህ ያገኘ ሰው ድንጋዩን አይገልጥ፣ አያጥብ፣ አያንሣ። መጀመሪያ ከሩቅ ገደሉን በሙሉ፣ ቀጥሎ ከቅርብ ማስመሪያ አስጠግቶ ፎቶ ያንሣ። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጅማቱ ጎልቶ ይታያል፤ እኩለ ቀን ላይ ድንጋይ ብቻ ነው የምታዩት። ከዚያ ከሚታወቅ ንብርብር፣ ለምሳሌ ከጥቁሩ ከሰል፣ በሜትር ለክቶ «1.40 ከከሰሉ በላይ» ብሎ በእርሳስ ይጻፍ። በእስኪርቢቶ የተጻፈ ዝናብ ሲነካው ሊደበዝዝ ይችላል። የፎቶውን ቁጥር አጠገቡ ያስፍርና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ያስታውቅ።

የዛሬ ልጆች ፎቶ ትወዳላችሁ፣ መጻፍ ያደክማችኋል። ስልካችሁ ካስተካከላችሁት ቦታውን ፎቶው ላይ ይመዘግባል፤ ለእኛ ዘመን ይህ ተአምር ነበር። ግን ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩት ያ መረጃ ይጠፋል። እንደ ፋይል ላኩት።

ታዲያ ቦታውን ምን ያህል አጥርታችሁ ትናገራላችሁ? ለማስታወሻ ደብተራችሁ እስከ እርምጃው ድረስ። ለሚታተመው መጽሐፍ እስከ አይከል ብቻ፣ ከዚያ ወዲያ የአካባቢው አስጎብኚ ይውሰድ። «ቦታ ያልተጻፈበት ድንጋይ ምን ይረባል» ስል ቆይቼ አሁን ደብቁ ማለቴ እርስ በርሱ ይጣላል። ይጣላ። የእኔ ወረቀት ለመንገደኛው ሁሉ ነገረ፣ ደብተር ግን አልያዘም።

በድፍረት ልታሳዩ የምትችሉት ድንጋይ ሞልቷል። ወደ አዲስ አበባ ስትወርዱ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል አለው፤ በጁራሲክ ዘመን፣ ዳይኖሰሮች በነበሩበት ጊዜ፣ ባሕሩ እኛም ጋ ደርሶ ነበር። ከመኪና መስኮት ይታያል አትበሉ እንጂ። ከቤት ሳትርቁ ደግሞ ፋሲል ግቢ አለላችሁ፤ የግንቡ ጥቁር ባዛልት ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ትኩሱ ቅላጭ ሲቀዘቅዝ የታፈነ ጋዝ የተወው ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ይበቃችኋል።

ስለ እንስሳቱ አጭር ልሁን፣ እናንተ ትበልጡኛላችሁ። ብቻ ድንጋዩንና እንስሳውን በሁለት ምዕራፍ አትለያዩ። ስሜን ላይ የባዛልቱ ንብርብር እኩል ስለማይሸረሸር ገደሉ እርከን እርከን ይሆናል፤ ጭላዳ የሚያድረው እዚያ እርከን ላይ ነው። ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሣሩ ይወጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ሰዓቱና እርከኑ አንድ ገጽ ላይ ይሁኑ።

ረቂቁ ሲያልቅ ቦታውን ለማያውቅ ሰው ስጡትና ዝም ብላችሁ ከኋላ ተከተሉት። የቆመበት ቦታ ሁሉ ገጻችሁ የተሳሳተበት ነው። ርቀትን ገበሬ ጠይቃችሁ አትጻፉ፤ «እዚህችው ናት» ያላችሁ ለእሱ እግር እውነቱን ነው፣ ለእንግዳው ግን ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሽፋኑን ላስቲክ አስለብሱት፣ ኪስ ውስጥ ላብ ይጨርሰዋል።